ኮምፒውተሩ ከመወቀሱ በፊት የክራንክ ሴንሰሩ ይታይ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል
ጉዳዩ፦ በጋራዦቻችን ስለሚገጠሙ ምትክ የሞተር ኮምፒውተሮች

ክቡር አዘጋጅ፣

መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንደማይገቡ በ2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ፣ በእጃችን ያሉት የቤንዚን መኪኖች ገና ብዙ ዓመት እንዲያገለግሉን የግድ ሆኗል። የቪትዝ ወይም የኮሮላ ባለቤት የሆነ ሰው ሞተሩ ሲደክምበት ሶማሌ ተራ ወርዶ ያገለገለ ሞተር ይገዛና ያስገጥማል። የሚገዛው ሞተር ግን ብዙውን ጊዜ እሳቱንና ቤንዚኑን የሚያዘውን ኮምፒውተርና የሽቦ መስመሩን ሳይዝ ይመጣል፤ ኮምፒውተሩ ቢገኝም ቁልፉ አብሮት አይኖርም፤ ቁልፉን የሚያውቅ ኮምፒውተር ደግሞ ያለ ቁልፉ ሞተሩን አያስነሳም። በዚህ ምክንያት እንደ ስፒዱይኖ፣ ሜጋስኩዊርትና ሀልቴክ ያሉ፣ በላፕቶፕ እየተስተካከሉ ለማንኛውም ሞተር የሚሆኑ ምትክ ኮምፒውተሮች ወደ ጋራዦቻችን እየገቡ ነው። እኔ በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ የምተዳደር ሰው እንደመሆኔ መምጣታቸውን በደስታ ነው የምቀበለው፤ ሊጣል የነበረ መኪና በእነርሱ ምክንያት ወደ ሥራ ሲመለስ አይቻለሁና።

ይሁን እንጂ ከባለ መኪናም ከባለሙያም አፍ ደጋግሜ የምሰማው አንድ ንግግር አለ። «እነዚህ ኮምፒውተሮች ለእኛ አገር አይሆኑም፣ ሞተር ያቃጥላሉ» ይባላል። አንዱ በቤንዚኑ፣ ሌላው በአየሩ፣ ሦስተኛው በኮምፒውተሩ ርካሽነት ያሳብባል። እስካሁን ከከፈትኳቸውና ከመረመርኳቸው መኪኖች የተረዳሁት ግን ጥፋቱ በአብዛኛው ከእነዚህ ከአንዱም እንዳልሆነ ነው። ጥፋቱ ያለው በመጀመሪያው የማስተካከያ ገጽ ላይ፣ ኮምፒውተሩ የክራንክ ሻፍቱን (በፒስተኖቹ ግፊት የሚዞረውን የሞተሩን ዋና ዘንግ) ሴንሰር እንዴት እንደሚያነብ በሚነገርበት ቦታ ላይ ነው። ይህ ገጽ ሳይረጋገጥ ከኢንተርኔት የተገኘ የሌላ ሰው ፋይል ተጭኖ ሞተሩ ከተነሳ፣ ሥራው እንደተጠናቀቀ ተቆጥሮ ሒሳብ ይከፈላል። ሞተሩ የሚጎዳው ከዚያ በኋላ ነው።

ለአንባቢ ግልጽ እንዲሆን አሠራሩን ባጭሩ ላስረዳ። ኮምፒውተሩ ካንዴላው መቼ እሳት እንደሚሰጥና ቤንዚን የሚረጨው ኢንጀክተር መቼ እንደሚከፈት የሚወስነው የክራንክ ሻፍቱን አቋም አውቆ ነው፤ ይህንንም የሚያውቀው በክራንክ ሻፍቱ ላይ ከተገጠመ ባለ ጥርስ የብረት ቀለበትና ከቀለበቱ ፊት ከተተከለ ሴንሰር ነው። እያንዳንዱ ጥርስ ሲያልፍ ሴንሰሩ አንድ ምት ይልካል። ጥርሶቹ ሁሉ እኩል ቢደረደሩ ኖሮ ኮምፒውተሩ ፍጥነትን እንጂ ቦታን ማወቅ ስለማይችል፣ በአብዛኞቹ ሞተሮች ላይ አንድ ወይም ሁለት ጥርስ ሆን ተብሎ ይጎደላል። ኮምፒውተሩ በምቶቹ መካከል ያለውን ጊዜ እያነጻጸረ ክፍተቱን ያገኛል፤ አንድ ጥርስ ሲጎድል ጊዜው እጥፍ፣ ሁለት ሲጎድል ሦስት እጥፍ ይሆናል። ከክፍተቱ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥርስ አንደኛ ብሎ ይቆጥርና ከዚያ እየተነሳ የቀረውን ያሰላል። ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ዙር ሲዞር አንዱ ዙር 10 ሚሊ ሰከንድ ብቻ ይወስዳል፤ አንድ ዲግሪ ከ28 ማይክሮ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልፋል። በዚህ ፍጥነት ላይ ኮምፒውተሩ የሚተማመነው በተነገረው ቁጥር ብቻ ነው፤ የተነገረው ስሕተት ከሆነ ስሕተቱን በትጋት ይፈጽመዋል።

ቁጥሩ ደግሞ ከሞተር ሞተር ይለያያል። በቪትዝና በያሪስ ላይ የምናገኘው የቶዮታ 1ኤንዜድ-ኤፍኢ ሞተር ለ36 ጥርስ ተከፍሎ ሁለት የጎደለበት፣ ማለትም 34 ጥርስ ያለው ቀለበት አለው። የቦሽ ሥርዓት ያላቸው ብዙ የአውሮፓ መኪኖች ለ60 ተከፍሎ ሁለት የጎደለበትን ይጠቀማሉ፤ ፎርድ ለ36 ተከፍሎ አንድ የጎደለበትን ይወዳል። በቀድሞዎቹ ኮሮላዎች ላይ ባለው 4ኤ-ኤፍኢ ሞተር ላይ የሚቆጠረው ጥርስ እሳቱን ለካንዴላዎቹ በሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተር ውስጥ ነው፤ 24 ጥርስ ቢኖረውም ዲስትሪቢውተሩ በክራንክ ሻፍቱ ግማሽ ፍጥነት ስለሚዞር በአንድ የክራንክ ዙር የሚታዩት 12 ብቻ ናቸው። ይህንን የማያውቅ ሰው 24 ብሎ ይጽፍና ቀለበቱ በክራንክ ፍጥነት የሚዞር አድርጎ ይመርጠዋል፤ ከዚያ የሞተሩ ዙር በግማሽ ተነቦ ሲያገኘው ሴንሰር ይቀይራል። ሴንሰሩ ግን ምንም አላጠፋም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የአንደኛው ጥርስ ማዕዘን ነው። አንደኛው ጥርስ ሴንሰሩ ፊት ሲደርስ የመጀመሪያው ፒስተን ቶፕ (የመጨረሻው ከፍታው) ላይ ለመድረስ ስንት ዲግሪ እንደሚቀረው፣ ወይም ቶፕን ካለፈ ስንት ዲግሪ እንደሆነው ለኮምፒውተሩ መንገር ያስፈልጋል። ሜጋስኩዊርት የሚጠይቀው ከቶፕ በፊት ያለውን ዲግሪ ነው፤ ስፒዱይኖ የሚጠይቀው ከቶፕ በኋላ ያለውን ነው። ስለዚህ በአንድ ሞተር ላይ፣ በአንድ ቀለበትና በአንድ ሴንሰር፣ የመጀመሪያው 90 ሲጻፍበት ሁለተኛው 270 ይጻፍበታል። ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ቁጥር የሚገለብጥ ሰው ይህንን ካላወቀ ሞተሩ ጨርሶ ላይነሳለት ይችላል። አለመነሳቱ ግን ትንሹ ችግር ነው፤ የማይነሳ ሞተር ራሱን አይጎዳምና። አደጋው ስሕተቱ ትንሽ ሲሆን ነው። ለ36 በተከፈለ ቀለበት ላይ በአንድ ጥርስ መሳሳት 10 ዲግሪ መሳሳት ነው። ሞተሩ በ10 ዲግሪ ስሕተት ይነሳል፣ ሚኒሞ ላይ (ጋዝ ሳይሰጠው) ሳይጠፋ ይሠራል፣ ሰፈር ውስጥም ያለ ችግር ይነዳል። እሳቱ ከቶፕ በፊት በ15 ዲግሪ እንደሚሰጥ ላፕቶፑ ላይ ቢታይም በእርግጥ በ25 መሆኑን የሚያውቅ የለም።

እዚህ ላይ የአገራችን አቀማመጥ ነገሩን ይሸፋፍነዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የአየር ግፊቷ 77 ኪሎ ፓስካል ገደማ ሲሆን በባሕር ዳርቻ ያለው 101 ነው። ሲሊንደሩ በሙሉ ጋዝ እንኳ የሚሞላው ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ያነሰ አየር ስለሆነ፣ እሳቱ 10 ዲግሪ ቀድሞ ቢሰጥም ሞተሩ እዚህ ላያንኳኳ (ቤንዚኑ ያለ ጊዜው ፈንድቶ ፒስተኑን ላይመታ) ይችላል። ያው መኪና ሰውና ዕቃ ጭኖ ወደ አፋር ቆላ ሲወርድ ግን አየሩ ይከብዳል፣ ሙቀቱም ይጨምራል፤ አዲስ አበባ ላይ ያልተሰማው ማንኳኳት እዚያ ይጀምራል፤ ሹፌሩ ሙዚቃ ከፍቶ ወይም መስኮት ዘግቶ ካልሰማው ፒስተን ይበሳል። ከዚያ መኪናው በሎቤድ ተጭኖ ይመለስና «ኮምፒውተሩ ሞተሩን አቃጠለው» ይባላል። ኮምፒውተሩ የተሳሳተ መነሻ ተሰጥቶት የሠራ መሆኑን ማንም አይመረምርም። ስሕተቱ ወደ ሌላኛው ወገን ከሆነ፣ ማለትም እሳቱ የሚዘገይ ከሆነ፣ ሞተሩ አያንኳኳም፤ ነገር ግን ጉልበት ያጣል፣ ቤንዚን ይበላል፣ የጭስ ማውጫው ከልክ በላይ ይግላል። ይህም በየቀኑ ከባለ መኪናው ኪስ የሚወጣ ገንዘብ ነው።

አንድ ያየሁትን በዝርዝር ልግለጽ። ሌላ ቦታ ምትክ ኮምፒውተር የተገጠመለት አንድ ቪትዝ ጠዋት ጠዋት እምቢ እያለ፣ ሲነሳም ከ3,000 ዙር በላይ እየተቆራረጠ ነበር የመጣው። የክራንክ ሴንሰሩ ከአንድ ጊዜ በላይ ተቀይሯል፤ ባትሪውም አዲስ ነበር። ሴንሰሩ ሁለት ሽቦ ያለው፣ ማግኔትና ጥቅል ሽቦ የያዘ ዓይነት ነው። እንዲህ ያለው ሴንሰር ኤሌክትሪክ አይሰጠውም፤ ጥርሱ ሲያልፍ ራሱ ያመነጫል። በትክክል ከታሰረ፣ ጥርሱ ሲቀርብ ቮልቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ የጥርሱ መሐል ሴንሰሩ ፊት በደረሰበት ቅጽበት ሞገዱ ዜሮን ቁልቁል ሰንጥቆ ያልፋል፤ ጥርሱ ሲርቅ ከዜሮ በታች ይሆናል። ኮምፒውተሩ መቁጠር ያለበት ያንን ቁልቁል የሚያልፍበትን ነጥብ ነው፤ ፈጣንና የማያሻማ እርሱ ነውና። ሁለቱ ሽቦዎች ተገላብጠው ከታሰሩ ግን ሞገዱም ይገለበጣል፤ ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው የጥርሱን መሐል ሳይሆን በሁለት ጥርሶች መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ይሆናል። ጥርሶቹ በተከታታይ ባሉበት ላይ ይህ አይታወቅም። የሚታወቀው ክፍተቱ ጋ ነው።

በላፕቶፑ ላይ የጥርሶቹን ጊዜ በቋሚ መስመር እያሳየ የሚመዘግብ ገጽ አለ። በዚያ መኪና ሞተር ላይ ሁለት ጥርስ ስለጎደለ፣ እኩል በሆኑ አጫጭር መስመሮች መካከል በየዙሩ ሦስት እጥፍ የሚረዝም አንድ መስመር ብቻ መታየት ነበረበት። እኔ ያየሁት ግን ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት መካከለኛ መስመሮችን ነው፤ እያንዳንዳቸው የአጭሩን ሁለት እጥፍ ያህል ነበሩ። ኮምፒውተሩ ዜሮን የቆጠረው በክፍተቱ መሐል፣ ሞገዱ ዘገም ብሎ በሚያልፍበት ቦታ ላይ ስለሆነ ክፍተቱ ለሁለት ተከፍሎበታል። ከሁለቱ የትኛው ክፍተት እንደሆነ አንዳንዴ የፊተኛውን፣ አንዳንዴ የኋለኛውን እየመረጠ ነበር የሚሠራው። ሞተሪኖው (የሞተሩ ማስነሻ) ቀዝቃዛውን ሞተር ሲያዞር ፍጥነቱ ወጣ ገባ ስለሚል ጠዋት ምርጫው ይበልጥ ይበላሽ ነበር። ሁለቱን ሽቦዎች ከሶኬቱ አውጥቼ አለዋውጬ መለስኳቸው፤ በመዝገቡ ላይ አንድ ረጅም መስመር ብቻ ቆመ። መኪናው የፈለገው ሴንሰር አልነበረም፤ የሽቦ ቦታ መለዋወጥ ነበር። እዚህ ላይ ለሥራ ባልደረቦቼ የማሳስበው፣ በሶፍትዌሩ ላይ «ወደ ላይ የሚወጣው» ከሚለው «ወደ ታች የሚወርደው» ወደሚለው ምርጫ መለወጥ ሽቦውን የመለወጥን ያህል ሁልጊዜ እንደማያድን ነው፤ ሞገዱን ወደ አራት ማዕዘን ምት የሚቀይረው ክፍል ራሱ አንዱን አቅጣጫ ብቻ ዜሮ ላይ እንዲይዝ ተደርጎ የተሠራ ነውና።

ሦስት ሽቦ ያለው የሆል ሴንሰር ከዚህ ይለያል። እርሱ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፣ ምቱም ከመጀመሪያው አራት ማዕዘን ነው። ብዙዎቹ ግን መስመሩን ወደ መሬት መሳብ እንጂ ወደ ላይ ማንሳት አይችሉም፤ ከምልክት ሽቦው ወደ 5 ቮልት የሚወስድ ሬዚስተር ከሌለ ምልክቱ ዜሮ ላይ ተኝቶ ይቀራል፤ ሴንሰሩም በከንቱ ሞተ ይባላል። የሴንሰሩ ሽቦ መሸፈኛ ያለው መሆን አለበት፤ መሸፈኛውም በኮምፒውተሩ በኩል ብቻ መሬት ይታሰራል፤ መስመሩ ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት ከሚያመነጨው ከቦቢናና ከዲናሞ ሽቦ ይራቅ። ቶርኖ ቤት የተቆረጠ ቀለበት ከሆነ ከብረት እንጂ ከአሉሚኒየም መሆን የለበትም፤ መሐሉ ከሳተም በእያንዳንዱ ዙር ከሴንሰሩ ያለው ርቀት እየሰፋና እየጠበበ ምልክቱ ይዋዥቃል። ርቀቱ ብዙውን ጊዜ 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ማረጋገጫው አንድ ነው፤ ካንዴላው እሳት በሰጠ ቁጥር ብልጭ የሚለው የታይሚንግ መብራት። ኮምፒውተሩ እሳቱን ከቶፕ በፊት በ10 ዲግሪ ላይ እንዲያስረው ይታዘዛል፤ መብራቱ አንደኛው ካንዴላ ሽቦ ላይ ተይዞ በክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ባለው ፑሊ ላይ ያለው ምልክት ይታያል። መብራቱ የሚያሳየው 10 ካልሆነ የሚስተካከለው የአንደኛው ጥርስ ማዕዘን እንጂ የእሳት ሠንጠረዡ አይደለም። ከዚያም ዙሩ ወደ 3,000 ከፍ ተደርጎ ምልክቱ ከቦታው መንሸራተት አለመንሸራተቱ ይታያል፤ ከተንሸራተተ ከላይ ያልኩት የሽቦ መገላበጥ ወይም የኮምፒውተሩ የመዘግየት ማካካሻ (ከምልክቱ እስከ እሳቱ የሚባክነውን ጊዜ የሚያካክሰው ቁጥር) ይመረመራል። አንድ ቦቢና ለሁለት ካንዴላ በሚያገለግልበት ሞተር ላይ ካንዴላው በየዙሩ እሳት ስለሚሰጥ፣ ዲግሪ በማዞሪያ የሚያነብ መብራት እጥፍ ሊያሳይ ይችላል፤ ተራው መብራት ይሻላል።

ይህን ሁሉ የሚያበላሽ አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ የፑሊው ምልክት ራሱ። በብዙ ሞተሮች ላይ የፑሊው የውጭ ቀለበትና መሐሉ በላስቲክ የተያያዙ ናቸው። ላስቲኩ ሲያረጅ የውጩ ቀለበት ይሽከረከራል፣ ምልክቱም አብሮት ይሄዳል፤ ዕድሜ በጠገቡት ሞተሮቻችን ላይ ይህ ብርቅ አይደለም። ስለዚህ ምልክቱ ከመታመኑ በፊት አንደኛው ካንዴላ ወጥቶ በምትኩ ፒስተኑን የሚያግድ ማቆሚያ ይገባል፤ ሞተሩ በእጅ ቀስ ብሎ በአንድ አቅጣጫ እስኪነካ፣ ከዚያ በሌላው አቅጣጫ እስኪነካ ይዞራል፤ በፑሊው ላይ የሚሰመሩት የሁለቱ ምልክቶች መካከለኛ እውነተኛው ቶፕ ነው። ወጪ የለውም ለማለት ይቻላል። ሲሠራ ያየሁት ግን በጥቂት ጋራዦች ብቻ ነው።

ስለሆነም፣ ክቡር አዘጋጅ፣ ጋዜጣችሁ የሚመለከታቸው ሁሉ ልብ እንዲሉት ይህን ጥያቄዬን እንዲያደርስልኝ እጠይቃለሁ። የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛዎቻችን የአውቶ ኤሌክትሪክ ተማሪን ሴንሰር በኦም መለኪያ ብቻ ለክቶ «ደህና ነው» ወይም «ሞቷል» እንዲል እያስተማሩ መቀጠል የለባቸውም። ኦም መለኪያ የሽቦውን መቆረጥ ያሳያል፤ ሽቦው መገልበጡን፣ ጥርሱ መታጠፉን፣ ርቀቱ መስፋቱን አያሳይም። የኤሌክትሪክ ሞገድን በሥዕል የሚያወጣው ኦስሎስኮፕ ያሳያል፤ ዛሬ ከላፕቶፕ ጋር የሚያያዝ ትንሽ ኦስሎስኮፕ በየወርክሾፑ ሊኖር የሚችል ዕቃ ነው። ተማሪው ከመመረቁ በፊት የአንድን ሞተር የክራንክ ሞገድ በዓይኑ አይቶ፣ ጥርሶቹን ቆጥሮ፣ ክፍተቱን አሳይቶ፣ በታይሚንግ መብራት ማረጋገጥ ቢፈተን ለአገር ብዙ ሞተር ያድናል ብዬ በእርግጠኝነት አምናለሁ።

ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው፣ ምልክቱ ንጹሕ ሆኖ እስኪነበብ ድረስ ቦቢናውንና ኢንጀክተሩን ከሶኬታቸው ነቅላችሁ ሞተሩን በሞተሪኖ ብቻ አዙሩ ነው። ለቦቢናው የሚሰጠው ትእዛዝ በተገላቢጦሽ ከተመረጠ ቦቢናው ቁልፉ እንደተከፈተ ያለማቋረጥ ኤሌክትሪክ እየጠጣ ይቃጠላል፤ ያለ ጊዜው የተሰጠ እሳትም ሞተሩን ወደ ኋላ መትቶ ሞተሪኖውን ይሰብራል። ምትክ ኮምፒውተር የሚሸጡ ነጋዴዎችም ዕቃውን ከነ«ዝግጁ ፋይሉ» ሲሸጡ፣ ፋይሉ ለየትኛው ቀለበትና ለየትኛው ሴንሰር እንደተዘጋጀ፣ የአንደኛው ጥርስ ማዕዘን ከቶፕ በፊት ወይስ በኋላ እንደሚቆጠር በአማርኛ በአንድ ገጽ ጽፈው ቢሰጡ ለገዥውም ለስማቸውም ይጠቅማል።

ባለ መኪናዎች ደግሞ ሒሳብ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ። የተቀመጠውን የማስተካከያ ፋይል በፍላሽ ተቀበሉ፤ መኪናው ነገ ሌላ ባለሙያ ጋ ቢሄድ ከዜሮ እንዳይጀመር። ሁለተኛ፣ እሳቱ በ10 ዲግሪ ታስሮ በታይሚንግ መብራት ሲታይ አጠገቡ ቆማችሁ እዩ፤ አንድ ጊዜ በሚኒሞ፣ አንድ ጊዜ በ3,000 ዙር። ምልክቱ በሁለቱም ላይ እዚያው ከቆመ መኪናችሁን ተረከቡ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ
አዲስ አበባ